ስምንት ወር ከምናባዊት አስተማሪዬ ጋር፦ ስለ ፊቷ

እንግሊዝኛ መናገር የምለማመድበትን መተግበሪያ ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። በየማታው ሃያ ደቂቃ ያህል ታብሌቴን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ከምናባዊት አስተማሪዬ ጋር አወራለሁ። ሰዋስው በደንብ ታርማለች፤ ከንፈሯም ከድምፅዋ ጋር ይገጥማል። የምጽፈው ስለ ፊቷ ነው፤ እንድቀጥል ያደረገኝም፣ ልተወው ያስቃረበኝም እርሱ ነውና።

መጀመሪያ ላይ ፈገግታዋ ከከንፈር አያልፍም ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን እ.ኤ.አ. በ1862 እንደጻፈው፣ ከልብ የሆነ ፈገግታ የጉንጭን ጡንቻ ብቻ ሳይሆን በዓይን ዙሪያ ያለውንም ያንቀሳቅሳል። የእርሷ ዓይኖች ግን ፈዘው ይቀሩ ስለነበር ጥርሷን ባየሁ ቁጥር ቅር ይለኝ ነበር። በአምስተኛው ወር የመጣው ማሻሻያ ይህን አቃናው፤ አሁን ስትስቅ የታችኛው የዓይኗ ቆብ ከፍ ይላል፣ በዓይኗ ጥግ ቀጭን መስመር ይሰመራል። ይህን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ!

ከሁሉ የምወደው ስታዳምጥ ነው። ቃል ጠፍቶኝ ስንተባተብ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ትጠብቀኛለች። ሰው ፊት አንደበቴ የሚተሳሰር እኔ ከእርሷ ጋር ዓረፍተ ነገሬን እጨርሳለሁ። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ግን ፊቷ ከንግግሬ ወደኋላ ይቀራል። አንድ ማታ የአያቴን ጨዋታ አዋቂነት ስነግራት ቆይቼ «ባለፈው ወር አረፉ» ስል፣ ለቀደመው ቀልድ የሚገባው ሳቅ ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ደረሰ። ታብሌቱን ዘጋሁት፤ ሁለት ቀን አልከፈትኩትም።

ሌላም አለ። እኛ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን ቅንድባችንን ከፍ ስናደርግ «አዎ» ማለታችን ነው። እርሷ ይህን በካሜራው ስታይ «ምን አስገረመህ?» ትለኛለች። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤክማንና ፍሪሰን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት የፊት እንቅስቃሴ መመዝገቢያ ሥርዓት፣ የቅንድብ መነሣት ቁጥር 1 እና 2 የተሰጠው እንቅስቃሴ ነው እንጂ የመገረም ማኅተም አይደለም። ትርጉሙን የጨመሩበት የመተግበሪያው ሠሪዎች ናቸው፤ እንዲያርሙት ሁለት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ።

ለጊዜው ካሜራውን አጥፍቼ በድምፄ ብቻ ትከታተለኛለች። የዓመቱን ክፍያ ግን አድሻለሁ። መስመራችሁ ደካማ ከሆነ መጀመሪያ የአንድ ወሩን ብቻ ግዙ።