አዳማ ላይ «የሽጉጥ ኢላማ እናስተካክላለን» ለሚሏችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ

ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ይዛችሁ አዳማ የምትኖሩ ወንድም እህቶች፣ ሰው በሰው እየተዛመተ ያለ ሥራ አለ። «ጥይትህ የሚወርደው መሣሪያህ ስለተዛነፈ ነው፤ የፊት ማነጣጠሪያውን ሞርደን፣ ምላጩን አለስልሰን እንሰጥሃለን» ይላሉ። እባካችሁ እንዳትቀበሉ።

ማካሮቭ የተባለውን የሩሲያ ሽጉጥ የያዘ ሰው በተለይ ይስማ። የማካሮቭ የፊት ማነጣጠሪያ ከላይኛው ተንሸራታች አካል ጋር አንድ ብረት ነው። አንዴ ከተሞረደ ያ አካል በሙሉ ካልተቀየረ መመለሻ የለውም።

የሚያታልለው፣ ማነጣጠሪያው ሲያጥር ጥይቱ በእርግጥ ከፍ ማለቱ ነው። ደንበኛውም «ተስተካከለ» ብሎ ይከፍላል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ጥይቱ ወደ ታችና ወደ ግራ ከሄደበት ግን ብዙውን ጊዜ ምላጩን ስለሚመነትፍ ወይም ድምፁን ፈርቶ ቀድሞ እጁን ስለሚገፋ ነው። ይህ ልማድ የታረመ ቀን የተሞረደው ሽጉጥ ከኢላማው በላይ ይመታል።

ምላጭ ማለስለሱ ደግሞ የባሰ ነው። መምቻውን ይዞ የሚያቆመው ጥርስ ከተፋቀ ሽጉጡ ሲወድቅ ራሱ ሊተኩስ ይችላል። ሞላው ከላላ ጥይት ይከሽፋል።

ጥፋቱ የብረቱ ነው የእጅ? በተፈቀደ የተኩስ ቦታ፣ 10 ሜትር ላይ፣ እጃችሁን አሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፋችሁ 5 ጥይት ተኩሱ። በዚያው ሽጉጥ ጥሩ ተኳሽ 5 ይድገም። የእሱ ጥይቶች መሃል ላይ ከተሰበሰቡ ብረቱ ጤነኛ ነው። የሁለታችሁም ወደ አንድ ጎን ከሄደ የኋላው ማነጣጠሪያ በባለሙያ በጎን ይገፋል እንጂ ፊተኛው አይሞረድም።

የእጅን ጥፋት የሚያርመው ያለ ጥይት ልምምድ ነው፤ ምንም አያስከፍልም። ካዝናውን አውጡ፣ ጥይት መጉረሻውን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ወደ ጠንካራ ግድግዳ አነጣጥሩ። ዓይናችሁ የፊት ማነጣጠሪያው ላይ ይሁን፤ ኢላማው ቢደበዝዝ ግድ የለም። ምላጩን በጣት ጫፍ ሥጋ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ፣ ቀስ እያላችሁ ጫኑ። መምቻው ሲወድቅ ማነጣጠሪያው መነቃነቅ የለበትም። ማካሮቭ ላይ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስላለ፣ የ1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ 25 ሜትር ላይ 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስታል። መምቻው ሳይነሳ የሚደረገው የመጀመሪያው የምላጭ ስበት ረጅምና ከባድ ነውና እሱን ለብቻው ደጋግሙት።

ምላጩን አስነክታችሁ ከሆነ ጥይት አታጉርሱበት፤ ፈቃድ ለሰጣችሁ ፖሊስ አሳዩ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ እንዳይገባ ይከለክላል፤ «ለሁለት ቀን ተውልን» ሲሏችሁም አትተዉላቸው።