የካምፒንግ ተሳቢ ለመግዛት ላሰባችሁ፦ የትኛው ፍሬን፣ የትኛው መጎተቻ?

ከለገጣፎ፣ ከሰበታ ወይም ከገላን ተነስቶ የካምፒንግ ተሳቢ ለመጎተት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «መኪናዬ ይስባታል ወይ?» ብሎ ነው። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ወይም ላንድክሩዘር ያለው ሰው በዚህ በኩል ብዙም አይቸገርም። የሚያስቸግረው መውረዱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በየትኛውም በር ብትወጡ ይዋል ይደር እንጂ ቁልቁለት ይገጥማችኋል። ስለዚህ ፍሬኑን አስቀድሜ፣ መጎተቻውን አስከትዬ አወዳድራለሁ። ገንዘባችሁም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢወጣ ይሻላል።

ፍሬን የሌለው ተሳቢ በአውሮፓ የሚፈቀደው ከነጭነቱ እስከ 750 ኪሎ ድረስ ነው። ድንኳንና ፍራሽ ብቻ ለሚይዝ ትንሽ ሳጥን ይበቃል። አልጋ፣ ባትሪ፣ ጋዝና 100 ሊትር ውሃ ያለበት ተሳቢ ግን ከዚያ ያልፋል፤ ውሃው ብቻውን 100 ኪሎ ነው። በርካሽ ስለተገኘ ብቻ እንዳትገዙት።

ትክክለኛው ፉክክር በግፊት በሚሠራው ፍሬንና በኤሌክትሪኩ መካከል ነው።

የግፊቱ ፍሬን በአብዛኞቹ የአውሮፓ ካራቫኖች ላይ ያለው ነው። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ተሳቢው ከኋላ ይገፋል፤ በዚያ ግፊት የመጎተቻው ዘንግ ወደ ውስጥ ገብቶ በካቦ አማካይነት የታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት) ሸራዎች ይከፍታል። ጋቢና ውስጥ ምንም መቆጣጠሪያ አያስፈልገውም፤ ዛሬ በወንድማችሁ መኪና፣ ነገ በኪራይ መኪና ብትጎትቱት ያው ይሠራል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ያገለገለ ስትገዙ የእጅ ፍሬኑን ይዛችሁ ዘንጉን በደንብ ግፉት። ጠንከር ብሎ ከገባና ቀስ ብሎ በራሱ ከተመለሰ ደህና ነው። ያለ ምንም ተቃውሞ ጥልቅ ካለ ውስጡ ያለው አሞርዛተር ሞቷል፤ እንዲህ ያለው በየፍሬኑ መኪናውን ከኋላ ይመታል። የቆዩት ዓይነቶች ደግሞ ወደ ኋላ ስትሉ ፍሬኑ ይይዛል፤ ግቢያችሁ ዳገት ላይ ከሆነ ማታ ማታ በር ላይ ያስቸግራችኋል።

የኤሌክትሪኩ ፍሬን በአሜሪካ ተሳቢዎችና ለኮሮኮንች ተብለው በተሠሩት የአውስትራሊያ ተሳቢዎች ላይ የተለመደ ነው። ታምቡሩ ውስጥ በክንድ ላይ የተቀመጠ ማግኔት አለ። ከጋቢናው መቆጣጠሪያ ኤሌክትሪክ ሲላክለት ከሚሽከረከረው ታምቡር ፊት ጋር ይጣበቃል፤ ታምቡሩ ሲጎትተው ክንዱ ሸራዎቹን ይገፋል። ታምቡሩን ስታስከፍቱ የማግኔቱን ፊት እዩ፤ እኩል ያለቀ መሆን አለበት። በአንድ ጎን ብቻ ተበልቶ ከሆነ ክንዱ ተጣሟል ወይም ቡሺው አልቋል። ጭቃና አቧራ፣ የዛገ የሽቦ መጋጠሚያም ጠላቶቹ ናቸው፤ በክረምት የሱሉልታን ጭቃ ያየ ሰው ይህን አቅልሎ አያየውም።

ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው ቁልቁለት ላይ ነው። የአባይ በረሃን አስቡት። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። 1,500 ኪሎ የሚመዝን ተሳቢ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ያህል በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ እንደሚያወጣው ሙቀት ማለት ነው። ያ ሙቀት አንድ ቦታ መሄድ አለበት። በጥሩ ልማድ መኪናውን በከባድ ማርሽ ይዛችሁ ስትወርዱ የግፊቱ ፍሬን እረፍት አያገኝም፤ ተሳቢው ሳያቋርጥ ስለሚገፋ ሸራው ከላይ እስከ ታች ታምቡሩን እያሸ ይወርዳል። የኤሌክትሪኩ ግን ፔዳል ካልረገጣችሁ አይይዝም። በማርሽ ይዛችሁ ትወርዳላችሁ፣ አልፎ አልፎ ጠበቅ አድርጋችሁ ትይዛላችሁ፣ ትለቃላችሁ፤ በመካከሉ ታምቡሩ ይቀዘቅዛል። የተቃጠለ ሸራ ከሸተታችሁ ግን፣ የትኛውም ፍሬን ቢሆን፣ ቆማችሁ እንዲበርድ ጠብቁ። የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ አታፍሱ፤ ይሰነጠቃል።

ከፍታው ራሱም ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል በሩብ ገደማ ያንሳል። በቫኪዩም የሚሠራ የፍሬን ሰርቮ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚሁ ግፊት ስለሆነ እግራችሁን የሚያግዝበት አቅምም አብሮ ይቀንሳል። በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ደግሞ የምትጀምሩት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ተሳቢው ራሱን መያዝ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ከቱሉ ዲምቱ በፈጣን መንገዱ ወጥታችሁ በሞጆና በባቱ በኩል ላንጋኖ ሄዳችሁ የምትመለሱ ከሆነና የምትጎትቱበት መኪና የሚቀያየር ከሆነ የግፊቱን ግዙ። አንድ የራሳችሁ መኪና ካላችሁና አባይን፣ ደብረ ሲናን ወይም በጅማ መንገድ የጊቤን ቁልቁለት የምታስቡ ከሆነ ግን ያለ ማመንታት ኤሌክትሪኩን። የኤሌክትሪኩ መቆጣጠሪያ ላይ በእጅ የሚገፋ ማብሪያም አለ። ከባድ መኪና ሲያልፋችሁ ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን ሳትነኩ ተሳቢውን ብቻ ትይዛላችሁ፤ ወዲያው ይስተካከላል። የግፊቱ ፍሬን ይህን ሊያደርግ አይችልም። መቆጣጠሪያ ስትመርጡ የመኪናውን ፍጥነት መቀነስ እየለካ በዚያው ልክ የሚይዘውን ግዙ። ፔዳል ከተረገጠ በኋላ በሰዓት ቆጥሮ የሚልከው ርካሹ ዓይነት በቃሊቲ መጨናነቅ ውስጥ በየደቂቃው ይነቀንቃችኋል።

ዲስክ ፍሬን ያላቸው ከሁለቱም ይበልጣሉ፤ ዋጋቸውና ጥገናቸው ግን ለከባድ ተሳቢ ካልሆነ አያዋጣም።

ወደ መጎተቻው ልለፍ። ጋራዥ ስትሄዱ «ጋሼ፣ ባምፐሩ ላይ በይጄ እሰጥዎታለሁ፣ ዝሆን ይጎትታል» የሚላችሁ አይጠፋም። እሺ አትበሉ። የብዙ መኪና ባምፐር ላሜራ ነው። መጎተቻ የሚታሰረው በሻንሲው ሁለት ጎን፣ በቡሎን ነው።

የኳሱ፣ ማለትም መኪናው ላይ የሚታሰረውና ተሳቢው የሚጋጠምበት ድቡልቡል ብረት፣ መጠን ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። የአውሮፓው 50 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካው 47.6፣ 50.8 እና 58.7 ነው። ለ50.8 የተሠራ የተሳቢ መያዣ (ኳሱን የሚጨብጠው) 47.6 ኳስ ላይ ቀጭ ብሎ ይዘጋል፤ መጀመሪያ ያገኘው ጉድጓድ ላይ ግን ሊዘል ይችላል። ኳሱ ላይ የተቀረጸውን መጠን አንብቡ። ከዘጋችሁ በኋላም የተሳቢውን የፊት ክሪክ እያዞራችሁ የመኪናው ኋላ ከፍ እስኪል አንሱት። ከያዘ ይዟል።

ለአስፋልትና ለደህና ጠጠር መንገድ ኳስ ይበቃል። ድንጋያማና ቦይ የበዛበት መንገድ ለምትገቡ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞረው ባለ ፒን መጋጠሚያ ይሻላል፤ ተሳቢው በአንድ ጎን ሲያዘነብል መኪናውን አይጠመዝዝም። የወታደር መኪና ዓይነቱ መንጠቆና ቀለበት ጠንካራ ነው፤ ክፍተት ስላለው ግን ኮሮኮንች ላይ ሲንኳኳ ይውላል። ለቤተሰብ አልመርጠውም።

ኳሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተሳቢው ክብደት 10 በመቶ ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የአውሮፓ ተሳቢዎች ከዚያ ባነሰ ተሠርተዋል፣ ብዙዎቹም ከ100 ኪሎ በላይ አይፈቅዱም። የውሃ ታንክና ጄኔሬተር ወደ ኋላ ጫፍ ሲጫን ኳሱ ይቀልና ተሳቢው መወዛወዝ ይጀምራል። ከባዱን ዕቃ ከጎማዎቹ በላይ አድርጉት።

ሰንሰለቶቹ ከመያዣው በታች ተጠላልፈው ይታሰሩ። ተሳቢው ቢላቀቅ ፍሬኑን በራሱ የሚያስይዘው ገመድም እንደሚሠራ ሻጩ ፊት ስባችሁ አረጋግጡ፤ በኤሌክትሪኩ ላይ ይህ የራሱ ባትሪ ይፈልጋል።

የበሩንም ነገር እዩ። ከእንግሊዝ ወይም ከአውስትራሊያ የመጣ ተሳቢ በሩ በግራ ነው፤ እዚያ የሚነዳው በግራ ስለሆነ በሩ ወደ መንገዱ ዳር ይከፈታል። እኛ ጋ መንገድ ዳር ስትቆሙ ልጆች የሚወርዱት መኪና በሚያልፍበት በኩል ይሆናል።

ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት የታምቡሩን መጠን፣ የሸራውንና የማግኔቱን ቁጥር ጻፉ። ኩሽኔታና ግሪስ ሶማሌ ተራ አይጠፋም፤ የፍሬን ማግኔት ግን እንደ ኩሽኔታ በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ መለዋወጫውን ከተሳቢው ጋር አብራችሁ ግዙ።