ከመድረክ የመጣ መምህር፦ የስምንት ክፍለ ጊዜ የክላርኔት ትምህርት ግምገማ

በኦርኬስትራ ውስጥ በቋሚነት ከሚጫወቱ የክላርኔት ባለሙያ በኢንተርኔት አማካይነት ስምንት የግል ትምህርቶች ወስጃለሁ። በመጀመሪያው ቀን ምንም ዓይነት ዜማ ሳያስነፉኝ ሸምበቆውን (በመሣሪያው አፍ ላይ ታስሮ ሲነፋ የሚርገበገበውን ቀጭን ቁራጭ) ወደ ብርሃን አቅርቤ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ የጫፉ አንዱ ወገን ከሌላው መወፈሩን እንዳዩም፣ ለወራት በከንፈሬ ድካም ያሳበብኩት የድምፅ መሻከር ከዚያ እንደሚመጣ አስረዱኝ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ከታችኛው የድምፅ ክልል ወደ ላይኛው መሻገር ነው። ክላርኔት ላይ በግራ አውራ ጣት የሚነካው ቁልፍ ሲከፈት ድምፁ እንደ ሳክስፎን ወደ ስምንተኛው ኖታ ሳይሆን ወደ አሥራ ሁለተኛው ከፍ ስለሚል፣ ላ ከሚባለው ኖታ ሲ ወደሚባለው ለመውጣት ጣቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም በአንድ ቅጽበት ቀዳዳዎቹን መድፈን አለባቸው። መምህሩ ላ እየነፋሁ ሳለ የቀኝ እጄን ጣቶች አስቀድሜ እንዳሳርፍ አደረጉኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት የድምፁ መሰንጠቅ ቀረ። እንዲህ ያለውን መፍትሔ የሚያውቀው በየምሽቱ የሚጫወት ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

መጫወትንና ማስተማርን ማጣመር የቆየ ልማድ ነው፤ የክላርኔት ተጫዋቹና የፓሪስ ኮንሰርቫቶር (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) መምህሩ ሂያሲንት ክሎዜ ከመሣሪያ ሠሪው ቡፌ ጋር እ.ኤ.አ. በ1839 ለእይታ ያበቁት የቁልፍ አደራደር ዛሬም በስፋት ይሠራበታል።

ቅሬታዬ በጊዜ ሰሌዳው ላይ ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜዎች በመምህሩ የኦርኬስትራ ልምምድ ምክንያት በዋዜማው ተሰርዘውብኛል፤ ማካካሻው ቢሰጠኝም፣ የስረዛው ደንብ ከክፍያ በፊት በጽሑፍ ሊነገረኝ ይገባ ነበር። በየሳምንቱ በቋሚ ሰዓት መማር ለሚያስፈልገው ጀማሪ ይህን አገልግሎት አልመክርም፤ መሠረቱን ይዞ አንድ ቦታ ላይ ለቆመ ተማሪ ግን ያለ ማመንታት እመክራለሁ።