ሜይልካው ከአስራ አንድ ወር በኋላ፦ ከጅማ የሚወጣ ኢሜይል ገዢው ዘንድ እስኪደርስ

ጅማ ውስጥ ለውጭ ገዢዎች ቡና በሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሥራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የድርጅቱ ኢሜይል የሚያልፈው ሜይልካው በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ባቆምኩት የራሳችን ሰርቨር በኩል ሲሆን፣ ዛሬ ይህን ስጽፍ አስራ አንድ ወር ሞልቶታል። ሶፍትዌሩ እንዴት እንደሚጫን የሚያሳይ መመሪያ በየቦታው ይገኛል። ከተጫነ በኋላ የተላከው ደብዳቤ ለምን ስፓም ውስጥ እንደሚወድቅ፣ ለምንስ ለአንዱ ደርሶ ለሌላው እንደሚቀር በአማርኛ ተብራርቶ ያነበብኩት ነገር ግን የለም፤ ስለዚህም የግምገማዬን ትልቁን ክፍል የሰጠሁት ለዚሁ ጉዳይ ነው።

አስቀድሜ ስለ ሶፍትዌሩ ራሱ ልናገር። ሜይልካው አንድ ፕሮግራም ሳይሆን በዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ አሽጎ በሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ ተያይዘው የሚሠሩ የብዙ ፕሮግራሞች ስብስብ ነው፤ ደብዳቤ የሚልከውና የሚቀበለው ፖስትፊክስ፣ የመልእክት ሳጥኖቹን የሚይዘው ዶቭኮት፣ ስፓም የሚያጣራውና ወጪ ደብዳቤዎችን የሚፈርመው አርስፓምዲ፣ በድረ ገጽ ለማንበብ የሚያገለግለው ደግሞ ሶጎ ይባላል። መመሪያው ቢያንስ 6 ጊጋባይት ራምና 1 ጊጋባይት ስዋፕ ይጠይቃል። እኔ ወጪ ለመቀነስ ብዬ በ4 ጊጋባይት ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን የቫይረስ መፈተሻው ክላምኤቪ ራሙን ስለጨረሰው በሁለተኛው ሳምንት ወደ 8 ለማሳደግ ተገደድኩ። ሰርቨሩ ያለው ውጭ አገር በተከራየሁት ቪፒኤስ (በኢንተርኔት የሚከራይ ምናባዊ ሰርቨር) ላይ ነው። ቢሮአችን ውስጥ ማቆም አላዋጣንም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር አገልግሎቱ አብሮ ይጠፋል፣ ቋሚ አይፒ አድራሻም የለንም።

ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ የአዲሱ ምርት ቡና መግባት በጀመረበት ሰሞን፣ ለአንድ ነባር ገዢ የላክነው የዋጋ ማቅረቢያ የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ። የድርጅቱ ባለቤት ሐጂ ወደ ክፍሌ መጥተው በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «ልጄ፣ ደብዳቤው ሄዷል ትለኛለህ፤ ሰውየው ደግሞ አልደረሰኝም ይላል። የቱን ልያዝ?» አሉኝ። «ሐጂ፣ ከእኛ ዘንድ ወጥቷል፤ የዚያኛው ሰርቨር ተቀብያለሁ ማለቱም እዚህ ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ ምን እንዳገኘው አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። መልሱን ለማግኘት ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ።

ነገሩ እንዲገባን ወደ ሥሩ መመለስ ያስፈልጋል። የኢሜይል ማስተላለፊያው ደንብ ኤስኤምቲፒ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ፣ ላኪው ነኝ ያለውን ሰው በእርግጥ መሆኑን የሚያረጋግጥ ምንም መንገድ አልነበረውም፤ ማንም ሰው በማንም ስም ደብዳቤ መላክ ይችል ነበር። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ከጊዜ በኋላ ሦስት ነገሮች ተጨመሩ። ኤስፒኤፍ የዶሜይኑ (በኢሜይል አድራሻ ላይ ከ@ ምልክት በኋላ ያለው ስም) ባለቤት «በእኔ ስም ደብዳቤ የሚያደርሱት እነዚህ አይፒ አድራሻዎች ናቸው» ብሎ ዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞች ይፋዊ መዝገብ) ላይ የሚያስመዘግበው የመልእክተኞች ዝርዝር ነው። ዲኪም ማኅተም ነው፤ ሰርቨሩ ደብዳቤውን በምስጢር ቁልፉ ይፈርማል፣ ተቀባዩም ዲኤንኤስ ላይ በተሰቀለው ይፋዊ ቁልፍ ማኅተሙን ይመረምራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ዲማርክ ደግሞ የሁለቱን ውጤት ደብዳቤው ላይ ከሚታየው የላኪ ስም ጋር ያገናዝባል፤ ሳይስማሙ ሲቀሩ ምን ይደረግ የሚለውንም የዶሜይኑ ባለቤት የሚያሳውቀው በእርሱ ነው። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ይዞ ወደ መሥሪያ ቤት የሄደ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ጎግልና ያሁም እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ወደ እነርሱ የሚልክ ሁሉ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም እንዲኖረው፣ በብዛት የሚልክ ደግሞ ሦስቱንም እንዲያሟላ ግዴታ አድርገዋል።

ከሦስቱም የሚቀድም ሥራ አለ። ብዙ የቪፒኤስ አከራዮች ስፓምን ለመከላከል ሰርቨሮች ደብዳቤ የሚለዋወጡበትን በር፣ ወጪ ፖርት 25ን፣ ዘግተው ስለሚያስረክቡ፣ እንዲከፈትላችሁ በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርባችኋል። ከአይፒ አድራሻው ወደ ሰርቨሩ ስም የሚመልሰው ፒቲአር የሚባለው መዝገብም የሚሞላው በዶሜይን መዝጋቢው ገጽ ላይ ሳይሆን በአከራዩ ገጽ ላይ ነው፤ አይፒው የእርሱ ነውና።

ኤስፒኤፍ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። አንደኛው ስህተት ቀላል ነበር። ቀድሞ ኢሜይላችንን ያስተናግድ የነበረው የድረ ገጽ አገልግሎት የራሱን የኤስፒኤፍ መዝገብ ትቶ ስለነበር፣ እኔ አዲሱን ስጨምር በአንድ ዶሜይን ላይ ሁለት መዝገብ ሆነ። ደንቡ አንድ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ ሁለት ሲያገኝ ተቀባዩ መርጦ አይወስድም፣ ሁለቱንም ትቶ ቋሚ ስህተት ብሎ ይመዘግባል። ሁለቱን በአንድ መስመር አዋሃድኳቸውና ተፈታ። ስታዋህዱ ግን ተቀባዩ መዝገቡን ለመፍታት ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ጥያቄ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ መዝገብም እንደ ስህተት እንደሚቆጠር አትርሱ።

ሁለተኛው ስህተት ብዙ እንቅልፍ ነስቶኛል። ለሙከራ ወደ ከፈትኩት አንድ አድራሻ የምልከው ደብዳቤ ጠዋት ኤስፒኤፍን አልፎ ከሰዓት በኋላ ይወድቅ ነበር፤ መዝገቡን ግን ማንም አልነካውም። መጨረሻ ላይ የፖስትፊክስን ሎግ (የሥራ መዝገብ) መስመር በመስመር ሳነብ፣ ደብዳቤው ባለፈባቸው ጊዜያት የተቀባዩ አድራሻ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች መሆኑን፣ በወደቀባቸው ጊዜያት ደግሞ በሁለት ነጥብ የተለያየ ረጅም አድራሻ መሆኑን አየሁ። ሰርቨሬ አንዳንድ ጊዜ በአይፒቪ4፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በአይፒቪ6 ይልክ ነበር፤ እኔ ግን ኤስፒኤፍ ላይ ያስመዘገብኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። አይፒቪ6ን ማጥፋት አንድ መፍትሔ ነው፤ እኔ ግን ለእርሱም ፒቲአሩን ሞልቼ ኤስፒኤፉ ውስጥ አስገባሁት፤ ከዚያ ወዲህ መዋዠቁ ቀርቷል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም የሐጂ ገዢ ደብዳቤ አልደረሰም። እኔ በምፈትንባቸው አድራሻዎች ሁሉ ወደ ኢንቦክስ የሚገባው ደብዳቤ ለዚያ ሰው ብቻ ስፓም ውስጥ ይወድቃል። በስልክ ጠይቄ የደረሰውን ደብዳቤ ሙሉ ሄደር (ያለፈበትን መንገድና የምርመራ ውጤቶቹን የያዘውን የላይኛውን ክፍል) ቀድቶ እንዲልክልኝ ካደረግኩ በኋላ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ሰውየው ለሁሉም የሚሰጠው የድርጅቱን አድራሻ ነው፤ ያ አድራሻ ግን የመጣለትን ሁሉ በቀጥታ ወደ ግል አድራሻው ያስተላልፋል። ደብዳቤው ሲተላለፍ የሚያደርሰው የእኔ ሰርቨር መሆኑ ይቀርና አስተላላፊው ሰርቨር ይሆናል፤ የእርሱ አይፒ ደግሞ በእኔ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ኤስፒኤፍ መውደቁ የማይቀር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ደብዳቤውን የሚያድነው ዲኪም ነው፤ መልእክተኛው ቢለወጥም የደብዳቤው ይዘት እስካልተነካ ድረስ ማኅተሙ ይጸናል። የእኛ ማኅተም ግን ገና ከጅምሩ የተበላሸ ነበር፤ ሄደሩ ላይ ከዲኪም ቀጥሎ የተጻፈው ቋሚ ስህተት የሚል ነበር። የራሴን የሙከራ ደብዳቤዎች መለስ ብዬ ሳያቸው እነርሱም ላይ ይኸው ቃል ነበረ። በቀጥታ ሲደርሱ ኤስፒኤፍ ብቻውን ዲማርክን ስለሚያሳልፋቸው፣ እኔም ከታች ያለውን «አልፏል» የሚለውን ብቻ አይቼ ረክቼ ነበር።

ሜይልካው በነባሪ የሚያዘጋጀው የዲኪም ቁልፍ 2048 ቢት ነው፤ ይህም ደኅና ልክ ነው። የዚህ ቁልፍ ይፋዊ ክፍል በጽሑፍ ሲቀመጥ 392 ፊደል ይሆናል፤ በዲኤንኤስ የጽሑፍ መዝገብ ውስጥ ያለ አንድ ሐረግ ግን ከ255 ፊደል አይበልጥም። ስለዚህ ቁልፉ ለሁለት ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ገብቶ በአንድ መዝገብ መቀመጥ አለበት። የዶሜይን መዝጋቢያችን ገጽ ይህን አላደረገም፤ የለጠፍኩትን ተቀብሎ፣ «ተመዝግቧል» ብሎ፣ ከ255ኛው ፊደል በኋላ ያለውን ቆርጦ ጣለው። እንዲህ ያለ ቁልፍ ሙሉ ሲሆን መጨረሻው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ኤ፣ ኪው፣ ኤ፣ ቢ በሚሉት አራት ፊደላት ነው የሚያልቀው፤ እኔ ዲኤንኤስን ጠይቄ ያገኘሁት ግን መሀል ላይ የተሰበረ ነበር። ፊደሎቹን ስቆጥራቸውም ልክ 255 ላይ ቆሙ። ገጹ መክፈልን ስለማይቀበል ወደ 1024 ቢት ዝቅ ማለት ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ያ ግን ዛሬ ዝቅተኛው የተፈቀደ ልክ እንጂ የሚመከር አይደለም። እኔ ዲኤንኤሱን ወደ ሌላ አገልግሎት አዛወርኩትና ቁልፉ ሙሉ ሆኖ ተሰቀለ። በዚያው ቀን ማታ የዋጋ ማቅረቢያው ድጋሚ ተላከ፤ ገዢውም በማግስቱ መልስ ሰጠ።

ዲማርክን በመጀመሪያ ያቆምኩት ምንም እርምጃ እንዳይወሰድ በሚለው ፖሊሲ ነው፤ ከዚህ ውጭ መጀመርንም ለማንም አልመክርም። ተቀባይ ሰርቨሮች በስማችን ስለመጣላቸው ደብዳቤ የሚልኩልን የዲማርክ ሪፖርቶች አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ፣ ታሽገው በኤክስኤምኤል ይመጣሉ፤ እኔ የማነባቸው ራሴ በጻፍኩት አጭር ፕሮግራም ነው። ከእነርሱ ያገኘሁት ትምህርት ብዙ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከድረ ገጻችን አስተናጋጅ አይፒ የሚነሱ፣ ኤስፒኤፍን አልፈው ዲማርክን የወደቁ ደብዳቤዎች አየሁ። ለብዙ ሰው ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው፤ እንዴት አልፎ ይወድቃል? ድረ ገጹ ላይ ያለው የመጠየቂያ ቅጽ በእኛ ስም ይጽፋል፤ የመመለሻው አድራሻ (ደብዳቤው ሳይደርስ ሲቀር ማስታወቂያው የሚመለስበት) ግን የአስተናጋጁ ዶሜይን ነበር። ኤስፒኤፍ የሚመረምረው የመመለሻውን አድራሻ ስለሆነ፣ ያለፈው የአስተናጋጁ ስም እንጂ የእኛ ስም አይደለም፤ ዲማርክ ደግሞ ሁለቱ ስሞች ካልገጠሙ አይቀበልም። ለቅጹ የራሱን የመልእክት ሳጥንና የይለፍ ቃል ሰጥቼ በእኛው ሰርቨር በፖርት 587 በኩል እንዲልክ አደረግኩት።

በእነዚሁ ሪፖርቶች ውስጥ ከእኛ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው አይፒዎችም በስማችን ሲልኩ አይቻለሁ። በቡና ንግድ ውስጥ የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚተላለፈው በኢሜይል በመሆኑ ይህን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። ፖሊሲውን በየካቲት ወደ ስፓም እንዲጣል፣ በሰኔ ደግሞ ጨርሶ እንዲከለከል ወደሚለው አሸጋገርኩት። ይህ በትክክለኛው ስማችን የሚመጣውን ሐሰተኛ ደብዳቤ ያግዳል፤ አንድ ፊደል ለውጦ ተመሳሳይ ዶሜይን የሚያስመዘግበውን አጭበርባሪ ግን አያግድም፤ ይህንንም ለሐጂ በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ፣ ገዢዎቹም የሒሳብ ለውጥ ሲያዩ ሳይከፍሉ በፊት እንዲደውሉ ተስማምተናል።

ወደ ሶፍትዌሩ ስመለስ፣ ከሜይልካው በጣም የወደድኩት በእያንዳንዱ ዶሜይን አጠገብ ያለውን የዲኤንኤስ መመርመሪያ ነው፤ መሆን ያለበትንና አሁን ያለውን መዝገብ ጎን ለጎን ያሳያል። የተቆረጠውን ቁልፍ በመጀመሪያው ቀን እዚያ ገብቼ ብመለከት ኖሮ ዘጠኝ ቀን ባልደከምኩ ነበር። የራሱን የዲኤንኤስ ፈላጊ አንባውንድን ይዞ መምጣቱም ትልቅ ጥቅም አለው፤ አንዳንድ የስፓም መዝገቦች (ስፓም የሚልኩ አድራሻዎች ዝርዝሮች) በሕዝብ የዲኤንኤስ ሰርቨሮች በኩል ለሚመጣ ጥያቄ መልስ አይሰጡምና። ቅር ያለኝ ክብደቱ ነው። ሰባት ሳጥን ብቻ ላለው ቢሮ 8 ጊጋባይት ብዙ ነው፤ ማሻሻያ በወጣ ቁጥርም ምትክ ቅጂ ሳይያዝ መጀመር አያስደፍርም። እኔ ማሻሻያ የማደርገው እሑድ ማለዳ፣ ቢሮው ዝግ ሲሆን ብቻ ነው።

ሎግና ሄደር የማንበብ ትዕግሥት ያለው አንድ ሰው በቋሚነት ለሌለው ድርጅት ይህን አልመክርም፤ ለዚያ ዓይነቱ የሚከፈልበት አገልግሎት ይሻለዋል። እኛ ግን በሚቀጥለው ወር አዲሱ ምርት ሲገባም በዚሁ እንቀጥላለን። ሐጂ አሁንም አልፎ አልፎ አስፈላጊ ደብዳቤ ሲልኩ «ደረሰ ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም መልስ ከመስጠቴ በፊት ሎጉን ከፍቼ የተቀባዩን ሰርቨር መልስ አነባለሁ።