ሳፍኤል ኤስ-04 ደረቅ እርሾ፦ ጥራቱ የሚመጣው ከህዋሱ ግድግዳ ነው

በቤታቸው ቢራ ለሚጠምቁ ሰዎች ከሚቀርቡት ደረቅ እርሾዎች መካከል፣ የፈረንሳዩ ሌሳፍር ኩባንያ አካል የሆነው ፌርመንቲስ የሚያመርተው ሳፍኤል ኤስ-04 በተለይ የሚመሰገነው ቢራውን ቶሎ በማጥራቱ ነው። ዝርያው የእንግሊዝ ኤል ቢራ እርሾ ሲሆን በ11.5 ግራም ፓኬት ይሸጣል፤ አንዱ ፓኬት ለ20 ሊትር ያህል ጥንስስ ይበቃል። ፍላቱ ሲያበቃ ህዋሳቱ እየጓጎሉ ይዘቅጡና፣ ቢራው ሲቀዳ በቀላሉ የማይናወጥ ጠንካራ አተላ ሥር ላይ ይተዋሉ። ማጣሪያ መሣሪያ ለሌለው ጠማቂ ይህ ከምንም የሚበልጥ ጥቅም ነው ብዬ አምናለሁ።

የእርሾ ህዋስ ግድግዳ በዋናነት ግሉካን የተባለ የስኳር ሰንሰለትና ማኖስ የተባለውን ስኳር በብዛት የተሸከሙ ፕሮቲኖች ያሉበት ነው። ፍሎ በሚባሉት ጂኖች አማካይነት የሚሠሩ ሌሎች ፕሮቲኖች ደግሞ ከግድግዳው ወጣ ብለው የጎረቤት ህዋስን ማኖስ ይጨብጣሉ፤ ለመጨበጥም ካልሲየም ያስፈልጋቸዋል። በብዙዎቹ የቢራ እርሾዎች ዘንድ ግሉኮስና ማልቶስ የተባሉት የጥንስሱ ስኳሮች ይህን ጭብጥ ስለሚከለክሉ፣ ህዋሳቱ የሚጓጉሉት ስኳሩ ሲመናመን ነው።

ብዙ ጠማቂዎች የማያስተውሉት ግን ይህ ግድግዳ ከማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም ህዋሱ በኦክስጅን ኃይል ከሚያመነጭበት ክፍል፣ ጤንነት ጋር ያለውን ትስስር ነው። ቦሪስ ኤፍሩሲና ባልደረቦቹ በ1949 ፓሪስ ውስጥ ፔቲት የተባሉትን፣ በኦክስጅን መተንፈስ ያቃታቸውንና ትንንሽ ኮሎኒ የሚሠሩትን እርሾዎች ገለጹ፤ ችግሩም የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ መጎዳት ወይም ጨርሶ መጥፋት እንደሆነ በኋላ ታወቀ። እነዚህ ህዋሳት ስኳርን ወደ አልኮል መለወጥ ስለማያቆሙ ጠማቂው ጉዳቱን ከፍላቱ ብቻ ላያውቅ ይችላል፤ ይሁን እንጂ በበርካታ ዝርያዎች የግድግዳቸው ጠባይ ይለወጣል፣ መጓጎላቸውም ይዳከማል። ትስስሩ በዚህም አያበቃም፦ ካርዲዮሊፒን የተባለውን የማይቶኮንድሪያ ሽፋን ስብ ለመሥራት የሚያስፈልገው ፒጂኤስ1 ጂን ሲወገድ በግድግዳው ውስጥ ያለው ግሉካን ይቀንሳል፣ ግድግዳውም ይደክማል።

ደረቅ እርሾ ፋብሪካ ውስጥ የሚባዛው ብዙ አየር እየተነፋለት፣ ስኳሩም በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረለት ነው፤ ስኳር ከበዛበት አየር እያለም ወደ አልኮል ሥራ ያዘነብላልና። ስለዚህ ህዋሳቱ ፓኬቱ ውስጥ የሚገቡት የሚተነፍስ ማይቶኮንድሪያና ለህዋስ ሽፋን የሚያስፈልግ ስቴሮል የተባለ ስብ አጠራቅመው ነው፤ አዲስ ፓኬት የሚያስተማምነውም ለዚህ ነው።

አተላውን ለቀጣዩ ጥንስስ መልሶ መጠቀም ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አልኮል ራሱ የፔቲቶችን ቁጥር ስለሚያበዛ፣ ከቢራው ሥር ረጅም ጊዜ የቆየ ወይም ተደጋግሞ የተላለፈ አተላ አልመክርም። ላቦራቶሪ የሚያገኝ ሰው ከምግብነት ግሊሰሮል ብቻ በቀረበበት አጋር በተባለ የላቦራቶሪ ማብቀያ ጄል ላይ ናሙናውን ቢዘራ፣ ግሊሰሮልን ለመጠቀም መተንፈስ ስለሚያስፈልግ ፔቲቶቹ አያድጉምና ድርሻቸውን መገመት ይችላል። ላቦራቶሪ ለሌለው ግን ከወትሮው ዘግይቶ የሚጠራ ቢራ አንዱ የማስጠንቀቂያ ምልክት ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ ፓኬት መክፈት ይሻላል።

ቶሎ የሚጓጉል ዝርያ ሁሉ፣ ጥንስሱ ከቀዘቀዘበት፣ ስኳሩ ሳያልቅ ሊዘቅጥ ይችላል። ሙቀቱን ሳያዋዥቁ መጠበቅና ዕቃውን ቀስ አድርጎ መወዝወዝ አብዛኛውን ጊዜ ፍላቱን ያስቀጥለዋል። ጥርት ያለ ኤል ለሚፈልግና ለየጥንስሱ አዲስ ፓኬት ለመግዛት ለማይሰስት ሰው ኤስ-04ን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ደመናማ የስንዴ ቢራ ለሚጠምቅ ግን ሌላ ዝርያ ይሻለዋል።