የሕንፃ ኮድ፦ ከላይ ሲወርድ ወይስ ከተማው ራሱ ሲያጸድቅ?

ሀዋሳ ቤት እየሠራሁ ስለሆነ ሰሞኑን አሜሪካ ካለው ወንድሜ ጋር ወሬያችን ይሄው ነው። እኛ ጋ የሕንፃ አዋጁ ከፌደራል ነው ሚወጣው፣ ከተማው ፕላን ያያል፣ ፈቃድ ይሰጣል፣ ይቆጣጠራል፣ አለቀ።

እነሱ ጋ ደሞ የኤሌክትሪክ ኮዱን፣ ማለትም የሽቦ ዝርጋታ ደንቡን፣ ሚጽፈው መንግሥት ሳይሆን ኤንኤፍፒኤ ሚባል ማህበር ነው፣ በየ3 ዓመቱ ያድሰዋል፣ ግን ስቴቱ ወይ ከተማው ተቀብሎ ሕግ እስኪያደርገው ድረስ ዝም ብሎ መጽሐፍ ነው፣ ሲቀበሉትም ያልተመቻቸውን ቆርጠው የራሳቸውን ጨምረው ስለሆነ አንዱ ስቴት አዲሱን ሲጠቀም ጎረቤቱ የድሮው ላይ ይቀራል። ኤሌክትሪሺያኑ ድንበር ሲሻገር ግራ ይገባዋል አለኝ።

የኛ አንድ ወጥነቱ ደስ ይላል፣ የአዳማ መሐንዲስ እዚህ መጥቶ በዛው ኮድ ይሠራል። እኔን ሚያስቀናኝ ግን ያ የራስን መጨመር ነገር ነው፣ ሀዋሳ እኮ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሐይቁም አጠገቧ ነው።

ለማንኛውም የኔው ኤሌክትሪሺያን የግራውንድ ሽቦውን፣ ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሚወስደውን፣ "ምን ያደርጋል" ብሎ ሊዘለው ሲል ያስቆምኩት እኔ ነኝ፣ ተቆጣጣሪ አይደለም።