«አገር በቀል ትራውት» ብለው ለሚሸጡላችሁ ተጠንቀቁ

ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ ወገኖች፣ ለዓሣ ማጥመጃ ጉዞ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ ተሸውጃለሁ።

የአስጠማጁ ድርጅት ማስታወቂያ ላይ ያለችው ዓሣ መንጋጋዋ ሥር ቀይ ሰረዝ አለባት። ከትስሮት ትራውት ናት፤ ስሟ «ጉሮሮዋ የታረደ» እንደማለት ነው። የኮሎራዶ አገር በቀል ትራውት እሷ ናት። እሷን በፍላይ (ዝንብ በምትመስል መንጠቆ) እናስይዛችኋለን፣ ዋጋው ሁሉን ያጠቃለለ ነው ይላል። ለእኔና ለወንድሜ 600 ዶላር ከፈልኩ። ጠዋት ወንዙ ዳር ስንደርስ «የማጥመጃ ላይሰንሱ ለብቻው ነው» ተባልን። እሺ፣ ይሁን።

ወንዙ ክሊር ክሪክ ነው። ክሊር ማለት ጥርት ያለ አይደል? ጁን መጀመሪያ ላይ ሄዳችሁ እዩት፤ ማኪያቶ ነው የሚመስለው። የተራራው በረዶ በሜይና በጁን ሲቀልጥ ወንዙ ሞልቶ ይጋልባል። በዚያ ድፍርስ ውስጥ ዓሣው ዝንብ የምትመስለውን መንጠቆ በምን ዓይኑ ያያታል? እኛ እግራችንን ማስገባት እንኳ ፈራን። ብራችንን መልሱ ስንል «ተፈጥሮን እኛ አናዘውም» አሉን። በየዓመቱ የሚመጣ ሙላት እኮ ነው! ቀኑን የመረጡልንም እነሱው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ዳር ዳሩን ሲሞክር አንዲት ያዘ። ጋይዱ «ይኸው አገር በቀል!» ብሎ ፎቶ አነሳን። ቤት ገብቼ ሳጣራ ብራውን ትራውት ሆና ተገኘች። ዘሯ እ.ኤ.አ. በ1883 ከጀርመን የመጣ! (የእኛው የባሌው ዌብ ወንዝ ትራውትም ከኬንያ የመጣ ነው።) ሬይንቦው የሚባለው ትራውትም ቢሆን ለኮሎራዶ መጤ ነው። ግሪንባክ የሚባለው የከትስሮት ዓይነት ንጹህ ዘሩ የተረፈው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ባለች ቤር ክሪክ በምትባል ትንሽ ጅረት ብቻ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ እያራቡ ከመለሱባቸው ቦታዎች አንዱ የክሊር ክሪክ ገባር የሆነው ኸርማን ጋልች ነው፤ ከፍ ብሎ ተራራው ላይ። እኛ የቆምነው ግን በጣም ታች፣ መኪና የሚጮህበት አውራ ጎዳና ሥር።

ስትደውሉ «የትኛው ዝርያ? የትኛው ጅረት?» በሉና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በኮሎራዶ ሕግ ለክፍያ ዓሣ የሚያስጠምድ ድርጅት በስቴቱ መመዝገብ አለበት፤ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁ። የወንዙን የውሃ መጠን ደግሞ የዩኤስጂኤስ (የአሜሪካ መንግሥት የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም) ድረ ገጽ ላይ በነጻ ታያላችሁ። ከአምናው ጋር አስተያዩት።

እኔ ለስቴቱ አቤቱታ አስገብቼ እየጠበቅኩ ነው። ወንድሜ ድርሻውን እስካሁን አልከፈለኝም። «አንተ ነህ ያመጣኸኝ» ይላል።